የአባቴ አርባና የሳሙና ውሃ ፍሬን

ሰኞ

ታርጋዬን ፈታብኝ! መርሳ መግቢያ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ትራፊኩ ሳጅን የሚኒባሴን ፔዳል ሲረግጠው ወለል ነካ። "ይሄ ፍሬን ነው ወይስ ጌጥ?" አለኝ። ወረቀት ጻፈልኝ፦ ፍሬኑ ተሠርቶ ሲታይ ታርጋው ይመለሳል፤ እስከዚያ መንዳት የለም።

ጥፋቱ የኔ ነው። በጦርነቱ መንገድ ሲዘጋ የፍሬን ዘይት ከገበያ ጠፋና እኛ ሹፌሮች የሳሙና ውሃ ሞላንበት። መንገዱ ከተከፈተ በኋላም "እየያዘ ነው" ብዬ ተውኩት። ስንፍና።

ቅዳሜ የአባቴ አርባ ነው። እናቴ ተፈናቅላ ደሴ እህቴ ጋ ናት። ሲሞት አልነበረችም፤ ሲቀበርም። አርባ ደግሞ ለሌላ ሳምንት አይተላለፍም። እግሯ ስለማይታጠፍላት የአውቶቡስ ግፊያ አትችልም። ዓርብ አመጣሻለሁ ብያታለሁ፤ አመጣታለሁ።

ማክሰኞ

ዛሬ አፈርኩ። መካኒኩ ደምሴ፣ አብሮ አደጌ፣ "ትንሽ ሳሙና ጨምርና ቶሎ ቶሎ ሦስቴ ርገጠው፣ ይይዛል። ሳጅኑ ምን ያውቃል?" አለኝ። እኔም ሞኙ ሰማሁት። ሳጅኑ እናቴን ከደሴ ላመጣ መሆኑን ስነግረው ሰምቶ፣ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ጎኔ ገብቶ ተቀመጠና "አንዴ ብቻ ርገጥ" አለ። ረገጥኩ። የቆምነው የውሃ በርሜሉን ገጭተን ነው።

አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "እናትህን በዚህ የውጫሌን ቁልቁለት ልታወርዳቸው ነበር?" ነው ያለኝ። ቤቴ እስክደርስ እሱን ስረግም ቆየሁ። ከደረስኩ በኋላ ራሴን።

ረቡዕ

ለምኜ በጭነት መኪና ወልድያ። የምፈልገው፦ የፍሬን ዘይት፣ የፍሬን ሸራ፣ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያፍነው ላስቲክ፣ ጎሚኒው። ከመለዋወጫ ሱቆቹ ግማሾቹ ተዘርፈው ባዷቸውን ናቸው። አምስት ሱቅ "የለም"። ስድስተኛው የጋሽ ሞላ ነው፤ ዕቃቸውን ገጠር ወስደው ጭድ ክምር ውስጥ ደብቀው ያተረፉ ሽማግሌ።

"ጋሽ ሞላ፣ የአባቴ አርባ ደርሶብኝ ነው" አልኳቸው።

"ነፍሳቸውን ይማር። ቆይ እስቲ" ብለው ጓዳ ገቡ። ሦስቱንም ይዘው ወጡ፤ ካርቶኑ ላይ ገና ጭድ አለ። ልስማቸው ምንም አልቀረኝም።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ከደምሴ ጋር መኪናው ሥር። ከፍሬኑ የወጣው ውሃ የዝገት ቀለም ነበረው። ደምሴ አየው። ከዚያ "ይቅርታ ወንድሜ" አለኝ፤ ከደምሴ አፍ ይቅርታ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ጎሚኒውን ቀየርን፣ ሸራውን ቀየርን፣ ዘይቱን ሞልተን አየሩን አወጣን። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሳጅኑ ደግሞ ጎኔ ተቀመጠ።

"አንዴ።"

ግንባሩ መስታወቱን ለጥቂት ሳተው። ሳቀ። ታርጋዬን በራሱ እጅ አሰረልኝ።

ዓርብ

ደሴ ሄጄ እናቴን አመጣኋት። የውጫሌን ቁልቁለት በእርጋታ ወረድን፤ ፍሬኑ ከእግሬ ጋር እሺ ይላል። ከግርጌው ውርጌሳ ስንደርስ እናቴ፣ "ሲቀበር ሰው በዛለት?" ብላ ጠየቀችኝ።

የቀበርነው አራት ሆነን ነው። ተኩስ ነበር፣ ማን ይውጣ።

"በዛለት፣ እማዬ" አልኳት።

ቅዳሜ

አባቴ የተቀበረበት የግራና ቤተ ክርስቲያን ቅጥሩ ሞላ። ከየስደቱ የተመለሰው፣ የአባቴ ጎረቤት፣ ያልጠበቅኩት ሁሉ መጣ። ፍትሐቱ ሲያልቅ ሰዉ እየመጣ "ሲቀበር አልደረስንም" እያለ እናቴን አጽናናት፤ እሷም ወደ እኔ ዞረች።

"ያን ቀን ብቻህን ነበርክ፣ አይደል ልጄ?"

አባቴን ቀብሬ ሳላለቅስ አርባ ቀን ሞላኝ። ዛሬ ትከሻዋ ላይ አለቀስኩ።