ምች ነው ብለን የላክናት

ሰኞ

ምች ነው ተባለ። እኔም አመንኩ። ልጄ መክሊት ቅዳሜ ካልሲዎቿን በሳሙና አጥባ፣ እጇን እንኳ ሳታደርቅ ፀሐይ ላይ ስትጫወት ውላለች። ስለዚህ ምች ነው። ያለን ማስረጃ ይኸው ብቻ ነው። ባለቤቴ ሮማን ትናንት ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣቻት፤ የተረፈውን ግንባሯ ላይ ቀባችላት። ዛሬ ጠዋት ትኩሳቱ ቀለል ብሏል። ዓይኗ ግን ቀልቷል። ታስላለች።

ሮማን «ዛሬ ቤት ብትውልስ?» አለችኝ።

«በምች ከትምህርት ቤት የሚቀር ሰው የለም» አልኳት። የወር ፈተና ደርሷል። ደግሞስ ምች ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ከካዛንቺስ እስከ ትምህርት ቤቷ በእግር ነው የምንሄደው። ሌላ ቀን ቀድማኝ ትሮጣለች። ዛሬ እጄን ይዛ ዝም ብላ ሄደች። መዳፏ ይፋጅ ነበር።

ማክሰኞ

ዛሬም ሄደች። መምህሯ ዴስክ ላይ ተኝታ እንዳገኘቻት ነገረችን፤ «ምች ነው፣ ማታ ደግማችሁ ቀቧት» ብላ ሮማንን መከረቻት። ሁሉም ሐኪም ሆኗል።

መክሊት ራት አልበላችም። ከሰዓት በኋላ ሐናን የምትባለው ጓደኛዋ ከኮዳዋ ውሃ እንዳጠጣቻት ነገረችኝ። ክፍል ውስጥ አብራት የምትቀመጠው ናት። ከተወለደች ጀምሮ ልቧ ደካማ ነው። አትሮጥም፣ ገመድ አትዘልም። ሌሎቹ ሲጫወቱ ሁለቱ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። አንድ ዴስክ ላይ መቀመጥ የመረጠችው መክሊት ራሷ ናት። በዚህ ስኮራ ነው የከረምኩት።

ረቡዕ

ጠዋት ከጆሮዋ ኋላ ቀይ ሽፍታ አየሁ። ፊቷን እስኪያለብስ ብዙም አልቆየም። ጎረቤታችን እትዬ ድንቄ ከበር ላይ ሆነው አዩአትና «እሰይ፣ ወጣላት! ብቻ መርፌ እንዳይነካት፣ ወደ ውስጥ ይመልሰዋል» አሉ። ተቆጣሁ። ሮማን ክንዴን ባትይዘኝ አሮጊት እሰድብ ነበር።

ክሊኒክ ወሰድናት። ኩፍኝ ነው። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ክትባት ወስዳለች አልኳት። አንዳንድ ልጅ ላይ አይይዝም አለችኝ። ቫይታሚን ኤ ሰጠቻት። ቀጥላ ጠየቀች፦

«ትኩሳቱ ከጀመራት ወዲህ ትምህርት ቤት ሄዳለች?»

«ሰኞና ማክሰኞ» አልኩ። ድምፄን የሰማሁት እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነው።

ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን በፊት፣ ከወጣም በኋላ አራት ቀን ወደ ሌላ ሰው ያልፋል። ትኩሳት ቢለቃትም እስከ እሑድ ከቤት አትውጣ፤ ደህና ከሆነች ሰኞ ትመለስ። ይህን ሁሉ በረጋ ድምፅ ነገረችን። ከዚያ «አጠገቧ የሚቀመጥ ሌላ በሽታ ያለበት ልጅ አለ?» አለች።

«ሐናን!» አለች ሮማን።

መሐንዲስ ነኝ። ቢሮ ውስጥ ሰው በግምት ሲናገር እቆጣለሁ። «ለክተህ ነው ወይስ መስሎህ?» እላለሁ። ልጄን ግን ቴርሞሜትር እንኳ ሳላደርግላት በአንድ ቃል ላክኋት።

ሐሙስ

የጠዋቱ ደወል ሳይደወል ትምህርት ቤት ደረስኩ። ዳይሬክተሯ በትሕትና ተቀበለችኝ። ኩፍኝ ስላት ተነስታ የቢሮዋን በር ዘጋች።

«እባክዎ ጋሼ፣ ይህን ቃል ግቢ ውስጥ አይጠቀሙብን። ወላጅ ይደነግጣል። ፈተና ነው፣ ግማሹ ልጅ ይቀርብኛል። ለጊዜው ምች እንበለው።»

«ይቅሩ እንጂ! የሚያስል፣ ትኩሳት ያለው ሁሉ ይቅር!»

«ለጤና ጣቢያ እናሳውቃለን፤ በአሠራሩ መሠረት።»

የሐናንን ወላጆች ስልክ ጠየቅኋት። የተማሪ መረጃ ለሌላ ወላጅ አይሰጥም አለች። ሐናን የልብ ታማሚ እንደሆነች ነገርኳት። ለቤተሰቦቿ እንደምትደውል ቃል ገባችልኝ። ዓይኗ ግን ሰዓቷ ላይ ነበር።

ስወጣ ሐናን ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ቀጭን ናት፣ ከንፈሯ ትንሽ ይጠቁራል።

«የመክሊት አባባ! ምቹ ለቀቃት?»

ልዋሻት አልፈለግሁም፤ ላስደነግጣትም አልፈለግሁም። «እየተሻላት ነው» ብዬ ወጣሁ። እስከ ቤት ድረስ በራሴ ስናደድ ሄድኩ።

ዓርብ

ለሐናን ቤተሰቦች ማንም አልደወለም። እንዴት አወቅሁ? ራሴ ሄጄ ጠየቅሁ።

መክሊት የሐናን አባት ለገሃር ቦርሳ እንደሚሸጥ ታውቃለች። ከቢሮ አስፈቅጄ ወረድኩ። ቦርሳ ቤቱ ብዙ ነው፤ «ሐናን የምትባል ልጅ ያለችው» እያልኩ በየበሩ ስዞር እንደ ዕብድ አዩኝ። አንዱ ከሻንጣ ክምር ኋላ ብቅ አለ።

«ግቡ ጋሼ! ለመንገድ ነው ለልጅ? ጎማ ያለውም አለኝ፤ ለጁምዓ ሳልዘጋ ይምረጡ!»

የመክሊት አባት መሆኔን ስነግረው እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ሸምሱ ይባላል። «የኛዋ ሌላ ስም አታነሳም እኮ! ምች መቷታል አለችኝ፤ ዳማከሴ ልላክላት ስላት ስትስቅብኝ ነበር።»

«ምች አይደለም። ኩፍኝ ነው።»

መጀመሪያ «ኤዲያ፣ ኩፍኝ ያላወጣ ልጅ ማን አለ ጋሼ!» አለ። ቀጥሎ ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፤ ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ነበር። ከዚያ ጠየቀኝ፦

«ሰኞ ያውቁ ነበር?»

«አላወቅሁም። ግን ትኩሳት እንዳላት አውቅ ነበር።»

ጎተራ ኮንዶሚኒየም ላለችው ሚስቱ ደውሎ የሐናንን የሐኪም ካርድ ይዛ እንድትጠብቀው ነገራት። ስልክ ተለዋወጥንና የብረት መዝጊያውን አወረደ። አብሬህ ልምጣ አልኩት።

«እርስዎ ልጅዎ ጋ ይሁኑ ጋሼ» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ለዚህ ነው ከጆሮዬ አልጠፋ ያለው።

ቅዳሜ

ሸምሱ ደወለ። ትናንት ልጁን ሊያወጣ ሲሄድ ዳይሬክተሯ ቢሮ ገብቶ ጮኋል። ሐናንን የሚከታተላት ሐኪም ቶሎ ቢመጡ ኖሮ የሚረዳት ክትባት እንደነበረ፣ አሁን ጊዜው እንዳለፈ ነግሮታል። ቤት ትቀመጥ፣ ትኩሳት ከተሰማት በዚያው ሰዓት ይዛችሁ ኑ። መያዝ አለመያዟ የሚታወቀው ገና ከሳምንት በኋላ ነው።

ቶሎ ቢመጡ። ሐሙስ ደረጃው ላይ አግኝቻት «እየተሻላት ነው» ብዬ አልፌ ነበር።

በትምህርት ቤቱ በኩል አለፍኩ። በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «የሙቀትና የቆዳ መቅላት ምልክት ያላቸው ተማሪዎች በቤታቸው እንዲቆዩ»። ጥሩ። ነገር ግን የበሽታው ስም የለም። የቆዳ መቅላት የሚያነብ ወላጅ ምን ይላል? ምች ነው ይላል። እስክሪብቶ አውጥቼ በትልቁ «ኩፍኝ» ብዬ ጨመርኩበት።

ዘበኛው «ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው?» አለኝ።

«እያረምኩ።»

«እሺ፣ ያርሙ» ብሎ ዞረ። ልጅ ያለው መሰለኝ።

እሑድ

መክሊት ድናለች። ሽፍታው ጠቁሮ እየረገፈ ነው። መኮሮኒ ጠየቀች፤ ሁለት ሳህን በላች። ሮማን ዩኒፎርሟን ተኮሰች። ነገ ትመለሳለች። የታመመችው ትሄዳለች፤ ያልታመመችው ቤት ትቀመጣለች። ይህን ለሰባት ዓመት ልጅ ማስረዳት አቃተኝ።

«ታዲያ እኔ ከማን ጋር ልቀመጥ?» አለችኝ።

ከሰዓት ሸምሱ ደወለ። «ዛሬ ደህና ናት፤ መክሊትን አገናኙኝ ብላ አስቸግራኝ ነው።» ስልኩን ለመክሊት ሰጠሁ። ብዙ ተንሾካሾኩ። አጠገቧ ቆሜ የምሰማው የሐናንን ድምፅ ጫፍ ጫፉን ብቻ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተቆራረጠ። ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁም። ጊዜው ገና እንደሆነ፣ አሁን ብታስል እንኳ ከኩፍኝ ላይሆን እንደሚችል አውቃለሁ። ሐኪሙ ለሸምሱ በግልጽ ነግሮታል። ቢሆንም ስልኩ ሲዘጋ ቁጭ አልኩ።

«ሐናን አሳላት እንዴ?»

«እኔ እንጃ አባዬ» አለች መክሊት። «እየሳቀች መሰለኝ።»