የፎንቆ ልጆች ግሩፕ ስለመዘጋቱ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ በአዲስ አበባ ለምትገኙ፣ በኢንተርኔት የሚነገረውን ነገር የሚመለከተውን ረቂቅ ሕግ ላዘጋጃችሁ ክቡራን፤

እናንተም ቤተሰባችሁም እንደምን ሰነበታችሁ? ወገባችሁ፣ ዓይናችሁ፣ በተለይም ለእኛ ሲያስብ የሚውለው ጭንቅላታችሁ ደህና ይሆን ዘንድ ፈጣሪን እለምናለሁ። እኔ የፎንቆው ዑመር ላምቦሬ ነኝ። ማንበብም መጻፍም አልችልም፤ ይህን የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ መምህር ሚክያስ ነው። እያለዘበ እንዳይጽፍብኝ መልሶ እንዲያነብልኝ ስላደረግሁ፣ የሚጎረብጥ ቃል ብታገኙ የእኔ ነው።

በቅርቡ ሆሳዕና ከተማ፣ አዳራሽ ለውይይት ጠርታችሁን ረቂቁ ሲነበብልን፣ በግሩፕ ውስጥ ማንም አባል ለተናገረው ሐሰት አድሚኑ እንደሚጠየቅ፣ ቶሎ ካላጠፋውም እንደሚታሰር ሰማሁ። እጄን አውጥቼ አድሚን እኔ ነኝ፣ ማንበብ ግን አልችልም ስል፣ መድረክ ላይ የነበሩት ወጣት ኃላፊ ማንበብ የማይችል አድሚን በማየታቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ስላስደሰትኳቸው ደስ ብሎኛል። ሰዓቱ አልቋል ተብዬ ሳልናገር የቀረሁትን ግን እነሆ በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ግሩፑ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱ ልጆቻችንና እዚህ የቀረን ወላጆች የምንገናኝበት ዋትሳፕ ነው። አድሚን ያደረጉኝ ስልክ ስለማውቅ ሳይሆን ሽምግልና ስለማውቅ ነው። አብዛኛው ነገር በድምፅ የሚላክ ሲሆን ጆሮዬ ደግሞ ገና ጡረታ አልወጣም። ሁለት ወንድማማቾች፣ አንዱ እዚያ ደርባን አንዱ እዚሁ ሆመቾ ሆነው፣ በአባታቸው የእንሰት ማሳ ተጣልተው በግሩፑ ሲሰዳደቡ ምንም አላጠፋሁም፤ እናታቸውን አስጠርቼ ስልኩን ሰጠኋት። የወለድኳችሁ እኔ ስለሆንኩ ስድባችሁ ሁሉ ለእኔ ደርሶኛል አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ያበዛሉ። ይህ በስንተኛው አንቀጽ እንደሚያስቀጣኝ መምህር ሚክያስ ቢፈልግ አላገኘውም።

፪ኛ. አንድ ደንብ ነበረን፤ የሞት ወሬ ቤተሰብ ሳይረዳ በግሩፑ ላይ አይነገርም። እዚያ አገር ልጅ ሱቁ ውስጥ ሲገደል ጓደኞቹ አስቀድመው ለእኔ ብቻ ይደውላሉ። እኔም ከሌላ ሰው አጣርቼ፣ ሽማግሌ ይዤ፣ ጎህ ሲቀድ ከቤቱ እደርሳለሁ። እናት በጎረቤት ተደግፋ መርዶዋን ከሰማች በኋላ ነው ግሩፑ የሚያለቅሰው።

፫ኛ. ረቂቁ ከተሰማ በኋላ ልጆቹ፣ አባባ በእኛ አፍ በስተርጅና አትታሰር እያሉ አንድ በአንድ ወጡና ግሩፑ ተዘጋ። ያላጣሩትን ነግረው እንዳያስጠይቁኝ ብለው መደወሉንም ተዉት። እኔስ እስር አልፈራሁም፤ ከእናንተ በፊት የነበሩትም አስረውኝ ነበር፣ ከጥርሴ በቀር የወሰዱብኝ የለም። ልጆቹ ግን ፈሩልኝ። ሳይጸድቅ የሚሠራ ሕግ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ለቅልጥፍናችሁ አመሰግናለሁ።

፬ኛ. ባለፈው የገበያ ቀን፣ ልጇ ደቡብ አፍሪካ የሚነግደው ወይዘሮ ዛሂራ ቅቤ ስትሸጥ አንዲት ገዢ ስልኳን አውጥታ፣ ይህ ያንቺ ልጅ አይደለም ወይ ብላ ፎቶ አሳየቻት። ልጇ ነው። ሱቁ ደጃፍ ላይ ወድቋል። ፎቶውን የለጠፈው ገጽ ባለቤቱ አይታወቅም፤ ሽማግሌም የለው፣ ቤትም የለው። ዛሂራ የጀመረችውን ቅቤ በኮባ ጠቅልላ ለሴትየዋ ሰጠቻትና ተቀመጠች። እኛ ስንደርስ እንደተቀመጠች ነበረች። የምንነግራት ነገር ስላልነበረን አጠገቧ ተቀመጥን። እስከ ዛሬ አላለቀሰችም፤ እኛም አላለቀስንም። ፎቶው እውነት ስለሆነ በረቂቃችሁ ጥፋት አይደለም። ስለዚህ የሚጠየቅ ሰው የለም፤ ይህንንም አመሰግናለሁ።

ስማችንንና ቤታችንን ሳንደብቅ የኖርን ሰዎችን ፈልጋችሁ ለማግኘት ስለማትደክሙ፣ የተረፈውን ጉልበታችሁን ለሌላ ረቂቅ ያድርግላችሁ እያልኩ፣ በአውራ ጣቴ አትሜ የምሰናበታችሁ፣

የቀድሞው አድሚን ዑመር ላምቦሬ
ፎንቆ፣ ፳፻፲፩ ዓ.ም.

ረስቼው ነበር፦ ልጄ ሙራድ ጆሃንስበርግ ነው። ከረመዳን ወዲህ አልደወለም። የሰው መርዶ ወደ እኔ ይመጣ ነበር፤ የእኔ ወደ ማን እንደሚሄድ የሚያውቁት የግሩፑ ልጆች ነበሩ። አሁን ሥራውን እናንተ ስለተረከባችሁት፣ ወሬው ከደረሳችሁ ሰው ላኩልኝ። ቤቴ ከመስጊዱ በታች ነው። የሚመጣው ሰው ብቻውን አይምጣ፤ ጎህ ሲቀድ ይምጣ፤ ሳይቀመጥም አይናገር። አዳራሹ ውስጥ የሳቁት ወጣት ኃላፊ ቢሆኑ ይሻለኛል። ደጄ ላይ ሳይስቁ ካየኋቸው ይገባኛል፤ ማንበብ አያስፈልጋቸውም።