የሳሎኑ ግድግዳ ቀለም

ማክሰኞ

ሁለቱን አልወደድኳቸውም። ቀለም ቀቢው ሰይድ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሦስት ቦታ ቀባ ቀባ አድርጎ አስመረጠኝ። አንደኛው አረንጓዴ ይጮኻል። ሁለተኛው ወደ ቢጫ ያደላል። ሦስተኛው ፈዘዝ ያለ፣ አመድ ነካ ያደረገው ነው። ባለቤቴ እታገኝ ከጓዳ ብቅ ብላ፣ «ይሄ እንኳ የወይራ ቅጠል ጀርባ ይመስላል» አለች። እውነትም ይመስላል። እሱ ይሁን አልኩ።

ነጩ ግድግዳ መሮኛል። ረፋድ ላይ ፀሐይ በበሩ ስትገባ ዓይኔን ያስለቅሰኛል። ደሴ ያለው ሐኪም የዓይን ግፊት ነው፣ ግራው አይመለስም፣ ቀኙም ብዙ አይቆይም ብሎኛል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ጂኦግራፊ ሳስተምር ካርታ ላይ ያላሳየሁት ቀለም የለም። አሁን አንድ ብቻ መርጬ እሱን እያየሁ ልጨርስ። ለእታገኝ ይህን ምኞቴን አልነገርኳትም። ያልኳት «ቤቱ አርጅቷል» ነው።

ረቡዕ

ሰይድ አልመጣም። የድሮ ተማሪዬ ነው። ሲኮርጅ ይዤው አውቃለሁ፤ ዛሬ ግን ከተማችን መካነ ሰላም ላይ እንደሱ ንጹሕ አድርጎ የሚቀባ የለም።

ቀትር ላይ ደወለ። ነጩ ላይ የሚደባለቀው አረንጓዴ ከለር የለም። ትናንት የቀባው ቆርቆሮ ውስጥ የቀረችውን ጠርጎ ነበር። እዚህ ያሉትን ሱቆች አዳርሷል። ወግዲ ደወለ፣ ደጎሎ ደወለ። የደሴ መንገድ ከተዘጋ ወዲህ የጭነት መኪና አልገባም።

«አብሽሩ ጋሼ፣ መንገዱ ሲከፈት ይመጣል» አለኝ።

መቼ እንደሚከፈት እሱም አያውቅም። ቀለሙ መቆየት ይችላል። እኔ ነኝ ጊዜ የሌለኝ። ምሳ ሳልበላ ተኛሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ እታገኝ ሳህኑን ይዛ ሁለት ጊዜ ገብታ ስትወጣ ሰማኋት።

ሐሙስ

ተገኘ። ሰይድ በጠዋት ባልዲ ይዞ ገባ።

«አገኘህ?»

«አዎ ጋሼ።»

ከየት እንዳመጣው አልጠየቅኩም። እታገኝ ዕቃውን አስቀድማ አውጥታ ነበር። ግቢ ተቀምጬ የሮለሩን ድምፅ ስሰማ ዋልኩ። ሰይድ ወትሮ ሲቀባ ያንጎራጉራል። ዛሬ አላንጎራጎረም። ሁለተኛውን ዙር ጨርሶ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

አርብ

ደርቋል። ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ገባች፤ ዓይኔ አላለቀሰም። የመረጥኩት ራሱ ነው። ስንት ወር ሆነኝ እንዲህ ደስ ካለኝ።

እታገኝን ጠርቼ፣ «አየሽ፣ እንዳልሽው የወይራ ቅጠል» አልኳት።

«አዎ» ብላ ወጣች።

ምን ሆና ነው? እኔ ደስ ሲለኝ እሷ ፊቷን ታጠቁራለች። ተቀየምኳት።

ቅዳሜ

ጎረቤታችን ዘሃራ ከገበያ ስትመለስ ጎራ አለች። «ማሻ አላህ፣ ቤታችሁ አማረ። ግራጫ እንዲህ ያምራል ብዬ አላሰብኩም» አለች።

እታገኝ ቶሎ ብላ የሽንኩርት ወሬ አመጣች። 

ሁለቱም ሲወጡ ከጓሮ የጌሾ ቅጠል ቀጥፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ፊቴን እስኪነካኝ ተጠጋሁ። ቅርጹ ይታየኛል፤ ቅጠሉ ጠቆር ይላል፣ ግድግዳው ነጣ ይላል። በቃ። ሌላ ልዩነት የላቸውም። በር ላይ ወጥቼ ደግሜ አየሁት። ያው ነው።

ቀለም ከዓይኔ ከሄደ ቆይቷል ማለት ነው። ማክሰኞ ዕለትስ ያየሁት ምንድን ነው? ቀለሙን ነው ወይስ የእታገኝን ቃል?

እሑድ

እታገኝን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጠየቅኳት። «ግራጫ ነው አይደል?»

ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ግራጫ ነው። ነጭና ጥቁር ብቻ ነበር ያለው። ረቡዕ ምሳህን ትተህ ስትተኛ አላስቻለኝም። ሰይድ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ ለምኜው ነው። አርብ ጠዋት ልነግርህ ነበር። ስትደሰት አየሁህና አቃተኝ።»

«ቀኙም ከጠፋ በኋላ የምትነግሪኝን ሁሉ እንዴት ነው የማምነው?»

 ሌላም ክፉ ተናገርኩ፤ እዚህ አልጽፈውም። ምሳ በላን። ሳህኑን ስታነሳ፣ «ከለሩ ሲመጣ አረንጓዴ እናስቀባዋለን» አለች።

«ለማን?»

«ለኔ። እኔም እኮ ወድጄው ነበር። አልጠየቅከኝም እንጂ።»

እውነቷን ነው። አልጠየቅኳትም።

ሰኞ

ሰይድ መጣ። ግባ ብለው አልገባም አለ። «ጋሼ፣ አውፍ በሉኝ» አለኝ። ይቅር አልኩት። የተማረ ሰው ከአንድ ባልዲ ቀለም ጋር ምን ይጣላል። መንገዱ ዛሬም አልተከፈተም።

ከሰዓት የአርቡን ገጽ ላነብ ሞክሬ አቃተኝ። ደብተሬን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ለእታገኝ ሰጠኋት። ብዙ አገላበጠችው።

«መስመሩ አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቷል» አለች። «እየገመትኩ ካልሆነ አይነበብም።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያ በፊት ያለውም ያው ነው።»

ቢያንስ ይህን አልደበቀችኝም። ደብተሩን መልሳ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችና፣ «ከነገ ጀምሮ አንተ ተናገር፣ እኔ እጽፋለሁ» አለችኝ።

እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ። ግን አርብ ዕለት የተቀየምኳትን፣ እዚህ የጻፍኩትን ፍርሃቴን፣ ፊት ለፊቷ ጮክ ብዬ እናገረው እንደሆነ አላውቅም። እሷ እንዳታዝን ብዬ እኔም መዋሸት እጀምር ይሆናል። እሷ ጓዳ ሳለች የዛሬውን ቸኩዬ በራሴ እጅ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ተነበበም አልተነበበም።