ሦስት ሌሊት ያላደረ ካሳቫ

ውድ ጣውንቴ፣ እንደ ታላቅ እህቴ «ያያ» የምልሽ ንሶና፣

ወደ ሆስፒታል ይዘሽው የሄድሽውን የካሳቫ ዱቄት አትብዪ! ሌላውን ከማንበብሽ በፊት ተነሺና፣ ለካ መነሳት አትችይም፣ ወይኔ፣ አጠገብሽ ያለችውን ሴትዮ ጥሪና ትድፋልሽ። ለማንም እንዳትሰጪ። ደፋሽው? እሺ።

ባላችን ከአንጎላ፣ ከአልማዝ ቁፋሮው፣ ላንቺ ጨርቅ ለኔ ሳሙና የላከ ቀን ትዝ ይልሻል? «ምን ያስኮርፍሻል፣ ታጠቢ ማለቱ ነው!» ብለሽ በሳቅ ፈረስሽ። እኔም ለይምሰል ሳቅሁ። ድሮም ቢሆን ያገነፋሁትን ሉኩ፣ የካሳቫውን ገንፎ፣ እየጎረሰ «የንሶና ግን ነጭ ነው፣ ጉሮሮ አይዝም» ይለኛል፣ እዚያው ፊቴ። አንቺ ከኔ ይልቅ ሳትደናቀፊ ታነቢያለሽ። ስትጨፍሪ ሰው ሁሉ ክብ ይሠራል። ቀናሁ ያያ። ቅናት እንዲህ እንደሚያቃጥል የነገረኝ የለም።

አንቺ እርሻ ስትውይ ካሳቫውን ወንዝ የምዘፈዝፈው፣ የማሰጣው፣ የምወቅጠው እኔ አይደለሁ? የራሴን መራራው እስኪወጣለት ሦስት ሌሊት ውኃ ውስጥ አሳደርኩ። ያንቺን በአንድ ሌሊት አወጣሁት። በጋውን ሙሉ። ሰውየው መጥቶ ያንቺን ሲቀምስ «መረረኝ» ብሎ እንዲተፋው ነበር፣ እናቴ ትሙት ሌላ አላሰብኩም። እሱ ቀረ። የበላሽው አንቺ ብቻ። አንድ ቀን «ዘንድሮ ካሳቫው ምነው መረረ?» ብትዪኝ «ዝናብ ጠፍቶ ነው» አልኩሽ።

ከዚያ ያን ጠዋት እንጨት ተሸክመሽ እግርሽ እንደታሰረ ፍየል ደርቆ ወደቅሽ። ነርሱ ፓፓ ኪሳማ በጎማ መዶሻው ጉልበትሽን ነካ ሲያደርገው እግርሽ ተወርውሮ ኮፍያውን ጣለው። ሁላችን ሳቅን፣ አንቺም ሳቅሽ። እሱ አልሳቀም።

«ጉልበት ሲመታ ወሬው በነርቭ ክር ጀርባ ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያው መልስ ይዞ ይመለሳል፣ ጭንቅላትን አይጠይቅም» አለ። «‹ቀስ በል፣ በቃህ› የሚለው ከጭንቅላት የሚወርደው ሌላው ክር ነው። እሱን የካሳቫ መርዝ ጎድቶታል። እግሯ ልጓም የለውም። ስንት ሌሊት ነው የዘፈዘፋችሁት?»

እኔ አፌን ሳልከፍት አንቺ «ሦስት! የጣውንቴ የማያምባ እጅ አይዋሽም» አልሽ።

የመንደሩ ሴቶች «ሆዳም፣ ሳይደርስ ከስጥ ላይ እየሰረቀች በልታ ነው» ሲሉሽ ዝም አልኩ። በብስክሌት ጭነው ሲወስዱሽ ያንን ዱቄት ያሸከምኩሽ እኔ ነኝ። ዱቄቱን ብለውጠው ይነቃብኛል፣ ባላችንም ያባርረኛል ብዬ ፈርቼ።

እጄም እንደ ጉልበትሽ ነው፣ ሳይጠይቀኝ ነው የሄደው ልልሽ ፈልጌ ነበር። ውሸት ነው። ካሳቫ ከውኃ የሚያወጣ እጅ ጭንቅላትን ጠይቆ ነው የሚሄደው።

ፓፓ ኪሳማን ቆየት ብዬ ጠየቅሁት። የተጎዳው አይመለስም፣ መራራውን ካቆመች ግን አይብስባትም፣ በዱላ ትሄድ ይሆናል አለ። በዱላ! አንቺ!

ዛሬ ጠዋት ወንዝ ወርጄ ለሴቶቹ ተናገርኩ። ሆዳሟ እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ አልኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ጆሮዬን ይዤ ነበር። ማንም አልሰደበኝም። አንድ በአንድ ቅርጫታቸውን ከኔ ቅርጫት አጠገብ እያነሱ ራቅ አድርገው ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል ወሰዱ።

ባላችን ሲሰማ እየሮጠ ወዳንቺ ነው የሚመጣው። ይሄን ስጽፍ እንኳን ቀናሁ፣ ይታይሽ።

ያያ ብዬ ለመጥራት ከእንግዲህ ፈቃድሽን የምጠብቀው፣
ማያምባ