ስለ ነዳጅ ቁጠባው ጥምጣም

ለተከበሩ ሐጂ ዶውላት ካን
የከባድ መኪናዎቻችን ሥራ አስኪያጅ
ኩዌታ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የቢሮዎ ማሞቂያስ ደህና ይሠራል? እኛ ሾፌሮችዎ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ እስከ ዛሬ በሕይወት አለን።

«ለረጅም መንገድ ሾፌሮች ጠቃሚ ምክሮች» በሚል ርእስ በግቢው በር ላይ ስላስለጠፉልን ወረቀት በአደባባይ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ውሃ ጠጡ፣ ጎማችሁን እዩ፣ በቂ እንቅልፍ ተኙ ማለትዎ የአባት ምክር ነው፤ መቼ እንደምንተኛ ሳይነግረን ወረቀቱ ማለቁ ግን ያሳዝናል። የቀሩት ቅሬታዎቼ እነሆ፦

፩ኛ. ከሁሉ ያነሰ ነዳጅ ላቃጠለ ሾፌር በየወሩ በገዛ እጅዎ ጥምጣም ጠምጥመውለት ፎቶውን ግድግዳ ላይ ይሰቅላሉ። ታላቅ ክብር ነው። ነዳጁ ከየት እንደሚተርፍ ግን ጠይቀው አያውቁም፤ የቀድሞ ሾፌር ነዎትና መጠየቅም አያስፈልግዎትም። የሚተርፈው የቦላን ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ፣ የድንጋይ ከሰል የተጫነ መኪና በፍሬን ብቻ በማንደርደር ነው።

፪ኛ. ታናሽ ወንድሜ ሸርባዝ ያለፈውን ወር ጥምጣም ለጥቂት ከተነጠቀ ወዲህ ሰው አይሰማም። ባለፈው ጉዞ ከኋላው ነበርኩ። ፍሬኑ ሲጤስ፣ የኋላ ጎማው መታጠፊያው ላይ የገደሉን ጠርዝ ሲረግጥ በዓይኔ አየሁ። ታች ሻይ ቤቱ ስንደርስ እንደ ታላቅ ወንድምነቴ ብቆጣው ሳቀብኝ።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ ፈሪ ሆነሃል። ሐጂ ጥምጣሙን ይጠምጥሙልኝና ያኔ ማርሽ አስገባለሁ» አለኝ።

፫ኛ. ሁለታችንንም መንዳት ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» እያሉ ያቀመሱኝን ጥፊ ጉንጬ ዛሬም ያስታውሰዋል። የዛሬው ወንበርዎ ቁልቁለት ስለሌለው ረስተውት ይሆናል ብዬ አልቀየምዎትም።

ስለዚህ ነገሩን ሳይቃጠል በቅጠል ብለው፣ ሸርባዝ ሐሙስ ከሰል ጭኖ ከመነሣቱ በፊት የጥምጣሙን ውድድር እንዲያስቀሩልን በትሕትና እለምናለሁ። እኔን አይሰማኝም፤ እርስዎን ግን ይሰማል። ክቡር ሆይ፣ ፈርቻለሁ፤ ይህን ለመጻፍም አላፍርም።

ለቁጠባዎ ባለኝ የማያወላውል አድናቆት፣ የወንድሙን የፍሬን ጭስ ከኋላ እየማገ የሚያገለግልዎ፣
ትሑት ሾፌርዎ መህራብ

ማስታወሻ፦ ትልቁ ልጅዎ ኢምዳድ ትናንት ግቢ መጥቶ ነበር። የነዳጅ አቆጣጠብ ሊማር ሐሙስ ከሸርባዝ ጎን ተቀምጦ ቦላንን ይወርዳል። መጀመሪያ አባትህን አማክር ስለው፣ «ነዳጅ ቆጥቡ የሚለው ምክር የአባቴ አይደለም እንዴ?» አለኝ።