ወፍጮው ወንዝ የወረደ ዕለት

አይስላንድ፣ ጥቅምት

ኖርዌይ ላለኸው፣ ኩርፊያ ለማይለቅህ ታናሽ ወንድሜ ይድረስ፤

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ? የመርከብ ጥገናው ሥራ አልከበደህም? እኛ ደህና ነን። በጎቹም አባባም ደህና ናቸው፤ አባባ እንዴት ደህና እንደሆኑ ልነግርህ ነው የምጽፈው። በስልክ ስማቸውን ካነሳሁ ትዘጋብኛለህ። ደብዳቤ በመሃል አይዘጋምና አርፈህ አንብብ።

አንተ በሄድክ በወሩ አባባ የቤንዚን መኪና ገዙ። ሦስት መቶ የፈረስ ጉልበት አለው እያሉ ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። አንተ የጭነት መኪና የናፍጣ ሞተር የገጠምክበትን የድሮ መኪናቸውን ግን በድምፁ «ወፍጮ» እንዳሉት ወንዙ ዳር ያለው ጋጣ ውስጥ ዘጉበት። «መኪናዬን ገደልክብኝ» ያሉህን አንተም አልረሳህ፣ እኔም አልረሳሁ።

ዘንድሮ በመስከረም በጎቹን ከተራራ ስናወርድ ዝናቡ አላባራ አለ። እግራቸው የተጎዳ ጠቦቶች ከወንዙ ማዶ ቀሩ። አባባ ላምጣቸው ብለው ተነሡ። ከቀትር በኋላ ነው፤ ከበረዶው ግግር የሚወርደው ውሃ የሚሞላበት ሰዓት። ወንዝ በእግራችሁ ሳትለኩ በጎማ አትግቡ እያሉ ጆሯችንን ሲቆነጥጡን የኖሩት ሰው ሳይለኩ ገቡ! መሃል ላይ አሸዋው ጎማውን ሲይዘው ነዳጁን ረገጡት። ሞተሩ አጓራ፣ ጎማው ባዶውን ተሽከረከረ፣ መኪናው ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ተቀመጠ። ውሃው በሩ ጋ ሲደርስ ሞተሩ ጠፋ፤ አባባ ጣሪያው ላይ ወጡ።

ጎረቤታችን ሃልቤራ በፈረስ ደርሳ ከኋላዬ ይቀመጡ ብትላቸው፣ መኪናዬን ጥዬ አልሄድም አሉ። «ጋሼ ስቴንግሪሙር፣ ሦስት መቶ ፈረስዎ ዋና አያውቁም እንዴ? የኔ አንዱ ይኸው ይዋኛል!» አለቻቸው። «አፍሽን ዝጊና ገመድ አምጪ» አሏት። ውሃው ግን እየጨመረ ነበር።

እኔ ወደ ጋጣው ሮጥኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ እያለቀስኩ ነው የሮጥኩት። ባትሪው ሞቷል፣ ሞተሩም ዝጓል ብዬ ነበር። ቁልፉን ሳዞረው በአንዴ ተነሣ። ጎኑ አዲስ የዘይት ጄሪካን ተቀምጧል። እኔ እንደሆንኩ ዘይት በየት በኩል እንደሚገባ አላውቅም፤ ታውቀኛለህ። ወንበሩ በአንተ እግር ልክ ስለነበር ፔዳሉ አልደረሰልኝም፤ ወደ ፊት ሳብኩት።

ከዚያ ያስተማርከኝን አደረግሁ። ጎማዎቹን አስተነፈስኩ፣ ከባዱን ማርሽ አስገባሁ፣ ነዳጅ በትንሹ ብቻ ሰጠሁ። «የፈረስ ጉልበት ለአስፋልት ነው፤ ከአሸዋ የሚያወጣሽ ጎማውን ቀስ አድርጎ የሚጠመዝዘው ጉልበት ነው፣ አትቸኩይ» ትለኝ አልነበር? ሃልቤራ ገመዱን ከሁለቱም መኪናዎች አሰረች። ገመዱ ሲወጠር ወፍጮው ያበቃለት መሰለኝ። አላበቃለትም። ዱክ ዱክ እያለ፣ ጎማው አንዴ እንኳ ሳይሸራተት፣ አባባን ከነመኪናቸው ጎትቶ አወጣቸው።

ከጣሪያው ወርደው ከጫማቸው ውሃ ደፉ። የወፍጮውን ኮፈን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉና «ቤት ግቢ፣ ብርድ ይመታሻል» አሉኝ። ማታ የበግ ሾርባ ስንበላ፣ ያ ልጅ የነዳጅ ቱቦውን ሳይቀይር ሄደ፣ እዚህ ደግሞ የሚችለው የለም ብለው አጉረመረሙ። ከሄድክ ወዲህ «ያ ልጅ» እንኳ ብለው አያውቁም ነበር። ደስ አለኝ።

አሁንም በሩ ላይ ቆመው ለማን ነው የምትጽፊው አሉኝ። ላንተ መሆኑን ስነግራቸው፣ የተራራው መንገድ በረዶው ቀልጦ ሰኔ ላይ እንደሚከፈት ጻፊለት ብለውኝ ሄዱ።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር። በማግስቱ ጋጣውን ልዘጋ ስሄድ፣ ወደ ፊት የሳብኩት ወንበር እንደገና ወደ ኋላ፣ በአንተ እግር ልክ ተገፍቶ አገኘሁት። አባባ ደግሞ ከእኔም ያጥራሉ።

ከባሕሩም ከብርዱም ፈጣሪ ይጠብቅህ፤ እጅህን ይባርክልህ፤ መንገድህን ያቅናልህ።

ወንበሩን ሁለተኛ የማትነካው
እህትህ