ማክሰኞን የማያልፍ ገንዘብ

...የመኪናው የነዳጅ ታንክ ገና ግማሽ ነበር። አንቺ ግን ሙላው አልሽኝ። ቅርብ እኮ ነው የምንሄደው ብልሽ፣ መንገድ ብንስትስ አልሽ። ውድብሪጅ ይሁን አናንዴል፣ ወዴት ስንሄድ እንደነበር ጠፍቶኛል። እጅሽ ዳሽቦርዱ ላይ እንደነበር ብቻ አስታውሳለሁ።

ሙልዬ፣ ከተለየሽን ዓመት ከአራት ወር ሆነ።

የቤቱን ልንገርሽ። ሲልቨር ስፕሪንግ እዚያው ሕንጻ ውስጥ ነን፤ ግን ባለ አንድ መኝታ ገብተናል። መኝታውን ለሄለን ሰጠኋት፣ እኔ ሶፋው ላይ ነኝ። ልጃችን መንጃ ፈቃድ አወጣች። በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች፤ ካንቺ ጋር እንዲህ አልነበረችም። ካፖርትሽ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነው። አንዳንዴ ኪሱን እፈትሻለሁ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም።

ድንጋይሽ አልቆመም።

ከድልድዩ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ባረፍሽበት ቦታ ዛሬም ያለችው ቀብር አስፈጻሚዎቹ የተከሏት ትንሽ ካርድ ናት። ዝናብ ስምሽን እያደበዘዘው ነው፤ ከኔ ሌላ ሰው ፈልጎ አያገኝሽም።

የዕቁቡ ሰዎች ለሐውልቷ ይሁን ብለው የመጀመሪያውን ተራ ሰጡኝ። ወንድምሽ ተስፋዬ ዋስ ሆኖ ፈረመ። ወረቀቱን አላነበበውም፤ ለእኅቴ ነው አለ። ገንዘቡ ለደህና ድንጋይ ይበቃ ነበር። እኔ ግን ትልቁን፣ ጥቁር ግራናይቱን አይቼ ነበር። አየር ማረፊያ የታክሲ ተራ ስጠብቅ በዚያው ገንዘብ በስልኬ አክሲዮን፣ ስቶክ የሚሉትን፣ መግዛትና መሸጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት አተረፍኩ። ያ ነው ጉድ የሠራኝ።

ያንቺ ደሞዝ ከቀረ ወዲህ የታክሲው ገቢ ከኪራይ አይተርፍም። የእሑዱ የዕቁብ መዋጮ ከዚያው ከአክሲዮኑ ሂሳብ መውጣት ነበረበት። ከሸጥኩ በኋላ ገንዘቡ እጄ እስኪገባ ቀናት ይፈጃል፤ ስለዚህ ማክሰኞ ማክሰኞ እሸጣለሁ። ዋጋው ቢወጣም ቢወርድም። የሸጥኩት ሐሙስ ሲወጣ አየዋለሁ። ልክ ነበርኩ ሙልዬ፣ ብዙ ጊዜ ልክ ነበርኩ። መጠበቂያ አልነበረኝም እንጂ።

ትንሽ ገንዘብ ሰውን ይለውጣል። ትንሽ ትርፍ ትርፍ አይመስልም፤ ትንሽ ኪሳራ ግን የሄለን የትምህርት ቤት ወጪ ነው። የሚያተርፈውን ፈርቼ ቶሎ እሸጣለሁ። የሚከስረውን ይመለሳል ብዬ አቅፌ እቀመጣለሁ። ሲጎድል ደግሞ ያለኝን ሁሉ አንድ አክሲዮን ላይ አደርጋለሁ፣ ባንዴ እንዲመልሰው። ተሳፋሪ ከኋላ ተቀምጦ ቀይ መብራት ላይ ስልኬን አያለሁ። መብራቱ ይለወጣል፣ ከኋላ ክላክስ ይነፋብኛል።

አንድ ማክሰኞ የሚሸጥ ነገር አልነበረም።

ተስፋዬ በየሳምንቱ ኮል ያደርጋል። ድንጋዩ ከሩቅ ነው የሚመጣው አልኩት። ቀጥሎ ድንጋዩ ላይ የሚቀርጸው ሰው ስምሽን ተሳስቶ ነው አልኩት። በስምሽ ዋሸሁ። ከእንግዲህ ስምሽን ለምንም ነገር ሰበብ አላደርገውም። ካርዷ ላይ ፊደሉ ጨርሶ ቢጠፋ እንኳ በእጄ እጽፈዋለሁ፤ በዘነበ ቁጥር ሄጄ እጽፈዋለሁ።

ሦስት እሑድ አልከፈልኩም። የዕቁቡ ዳኛ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ዋስህን እጠራለሁ አሉኝ። ከሳቸው ከሚሰማው ከኔ ይስማ ብዬ ተስፋዬን በጠዋት ከቤቱ ወሰድኩት። ድንጋዩ የደረሰ መስሎት አበባ ይዞ ወጣ። ድልድዩን እስክንሻገር የልጅነታችሁን ያወራ ነበር፤ ጫማውን ደብቀሽበት በባዶ እግሩ ትምህርት ቤት የሄደበትን። መካነ መቃብሩ በር ላይ መኪናውን አቆምኩ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋሁም።

"ተስፍሽ፣ ድንጋይ የለም" አልኩት።

"ገና ነው?"

"ገንዘቡም የለም። በስቶክ ጨረስኩት።"

ወደ ፊት አየ። እንዲሰድበኝ ጠበቅኩ። አበባውን ከኋላ ወንበር አነሳና፣ "የት ጋ ናት?" አለኝ። በጣቴ አሳየሁት።

ወረደ። በሩን ዘጋው።